ቀይዋ ሦስት ማዕዘን ስትበራ፦ የአሮጌ ፕሪየስ መብራቶች ምን እያሉ ነው?

ጥር ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ሰሜን ቨርጂኒያ። ዳለስ ኤርፖርት የማደርሰው መንገደኛ ነበረኝ። ፕሪየሷ (በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ የቶዮታ ሃይብሪድ ናት) ውስጥ ገባሁ፣ ፍሬን ረገጥኩ፣ የማስነሻዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ዳሽቦርዱ የደመራ ማታ መሰለ። ቀይ ሦስት ማዕዘን፣ ቢጫ ሞተር፣ ኤቢኤስ የሚባለው የፍሬን መብራት፣ የመንሸራተቻዋ ምልክት፣ ሁሉም አንድ ላይ ቦግ አሉ። የምፈልጋት አረንጓዴዋ "ሬዲ" (ለመሄድ ዝግጁ ናት የምትለው) ብቻ አልመጣችም።

መንገደኛው በሌላ መኪና ሄደ። የእኔዋ በጎታች ተጭና አንድ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ መብራቶቹን አየና "ትልቁ ባትሪ አልቋል። 2,600 ዶላር" አለኝ። ስካነር አልሰካም። ቴስተር አላወጣም። መብራት አይቶ ፈረደ። "እስቲ ላስብበት" ብዬ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ አብሮኝ የሚነዳ ጓደኛዬ ቴስተር ይዞ መጣ። ከኋላ በቀኝ ጥግ የተደበቀችውን ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለካት። 10.8። አዲስ ገዝተን ቀየርናት። መብራቶቹ ጠፉ። ያ "አልቋል" የተባለው ትልቅ ባትሪ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ዛሬም እየሠራ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጓደኞቼ የዳሽቦርዳቸውን ፎቶ እየላኩ "ይሄ ምንድን ነው?" ይሉኛል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። ኮዱ፣ ማለትም የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበው የብልሽት ቁጥር፣ ምን ይላል? መብራት ብቻ ታይቶ የሚሰጥ መልስ ግምት ነው። ለግምት ደግሞ 2,600 ዶላር አይከፈልም።

እዚህ የማወራው በተለይ ስለ ሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ ነው። ከ2004 እስከ 2009 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ያለችው ማለት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲም ኡበርም የነዳ ሀበሻ ጠንቅቆ ያውቃታል። ከ2010 እስከ 2015 ያለችው ሦስተኛዋ ትውልድ የራሷ አመል አላት፤ ሲደርስ እናገራለሁ። ሌላ አሮጌ ሃይብሪድ ያላችሁም ብዙው ነገር ይሠራላችኋል።

ሦስት ማዕዘኗ ምን ማለት ናት?

መሐሏ ላይ ቃለ አጋኖ ያለባት ቀይ ሦስት ማዕዘን የራሷ በሽታ የላትም። እንደ በር ደወል ቁጠሯት። ማን እንደመጣ አትነግርም፤ በሩን ከፍቶ ማየት የእናንተ ሥራ ነው። ዘይት ሲያንስ ትበራለች። ትልቁ ባትሪ ሲታመም ትበራለች። ቤንዚን ሲያልቅ ትበራለች። ፍሬን ሲበላሽም ትበራለች። ስለዚህ "ሦስት ማዕዘን በራብኝ" ማለት "አሞኛል" ብሎ ሐኪም ቤት እንደ መሄድ ነው። የቱ ጋ እንደሚያም የሚናገሩት ከጎኗ የሚበሩት ሌሎች ምልክቶችና መሐል ያለው ስክሪን ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ስልካችሁን አውጡና ዳሽቦርዱንም ስክሪኑንም ፎቶ አንሱ። መኪናዋን አጥፍታችሁ ስታስነሱ አንዳንዱ መብራት ሊጠፋ ይችላል። ያኔ መካኒኩ ፊት "እ... አንዱ ቢጫ ነበር መሰለኝ" እያላችሁ ትንተባተባላችሁ።

ቀለሙ ደግሞ የጥድፊያውን መጠን ይናገራል። ቀይ ከሆነ መንገድ ጠርዝ ያዙ። ቢጫ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ቤት ወይም ጋራዥ መድረስ ይቻላል። አንድ ቢጫ ግን ከዚህ ይለያል። ቢጫው የሞተር ምልክት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ሞተሩ ውስጥ በትክክል የማይነድ ሲሊንደር አለ። ያልነደደው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ወርዶ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ያቃጥላል። እሱ ደግሞ የዋዛ ዕቃ አይደለም። የፕሪየስ ካታሊቲክ ኮንቨርተር በሌቦች ሳይቀር የሚፈለገው ውስጡ ባለው ውድ ማዕድን ነው። ጠዋት ተነስታችሁ መኪናችሁ እንደ ትራክተር ካጓራች፣ ኮድ ከመፈለጋችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ከሥሯ እዩ።

ሞተሪኖም ዲናሞም የላትም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እኔም ተሳስቼ ነበር።

በተራ መኪና ትንሿ ባትሪ ሞተሪኖውን ታዞራለች፤ ሞተሪኖው ሞተሩን ያስነሳል፤ ዲናሞው መልሶ ባትሪዋን ይሞላል። ፕሪየስ ሞተሪኖ የላትም። ዲናሞም የላትም። የቤንዚን ሞተሩን የሚያስነሳው በትልቁ ባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ትንሿን ባትሪ የሚሞላውም የትልቁን ኃይል ዝቅ አድርጎ የሚሰጥ መቀየሪያ ነው።

ታዲያ ትንሿ ባትሪ ምን ትሠራለች? ኮምፒውተሮቹን ትቀሰቅሳለች። ከዚያ የትልቁን ባትሪ በር የሚከፍቱትን ማብሪያዎች ታስነካለች። ቤቱን የምትከፍት ዘበኛ ናት በሉ። ቤቱ ምንም ያህል ሀብት ቢኖረው፣ ዘበኛዋ ከተኛች ማንም አይገባም። ትልቁ ባትሪ ሙሉ፣ ቤንዚኑ ሙሉ ሆኖ መኪናዋ በድን ልትሆን ትችላለች።

ትንሿ ባትሪ ስትደክም ደግሞ ዝም ብላ አትሞትም። መብራት ለማብራት የሚበቃ ጉልበት ይቀራታል። ለኮምፒውተሮቹ ግን አይበቃም። ግማሽ እንቅልፍ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ መነጋገር ያቅታቸዋል። አንዱ ሌላውን "አልመለሰልኝም" ብሎ ይከሳል። የፍሬኑ ኮምፒውተር መብራት ያበራል፣ የመሪው ያበራል፣ የሃይብሪዱም ያበራል። አምስት በሽታ የመጣ ይመስላል፤ በሽታው አንድ ነው። ለዚህ ነው እኔ ብዙ መብራት በአንድ ጊዜ ሲበራ ይበልጥ ተረጋግቼ የማየው። አንድ ላይ የታመሙ አምስት ዕቃዎች ብዙ ጊዜ አይገጥሙም።

ምልክቶቿ አሏት። የሬዲዮው ሰዓትና የጉዞ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። በሩ ቁልፉ ኪስ ውስጥ እያለ እንቢ ይላል። "ሬዲ" ለመምጣት ትዘገያለች። ሦስት ቀን ቆማ ከዋለች ጭራሽ አትነሳም።

መለካቱ ቀላል ነው። ተራ ቴስተር ይበቃል። መኪናዋ ጠፍታ ካረፈች በኋላ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ታሳያለች። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ናት ማለት ይቻላል። መኪናዋ "ሬዲ" ላይ ስትሆን ደግሞ ወደ 14 መጠጋት አለባት። በ"ሬዲ" ጊዜ 12 ላይ ከቀረች ጥፋቱ የባትሪዋ አይደለም፤ ኃይል የሚሰጣት መቀየሪያ ላይ ነው። ቁጥር ግን ሊያታልል ይችላል። ያረጀች ባትሪ ያለ ሥራ 12.4 ታሳይና ሸክም ሲመጣባት ትወድቃለች። ስለዚህ የፊት መብራቶቹን አብርታችሁ ለካ ለካ አድርጓት። ወዲያው ወደ 11 የምትንሸራተት ከሆነ አትጠራጠሩ።

አሁን ወደ አስቂኙ ክፍል። ባትሪዋ ያለችው ከኋላ ነው። የኋላው በር ደግሞ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው። ባትሪዋ ስትሞት በሩ አይከፈትም! ይህን የነደፈው መሐንዲስ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ። መፍትሔ አለ። ከቁልፋችሁ ውስጥ የምትወጣ የብረት ቁልፍ አለች፤ በእሷ የሾፌሩን በር ክፈቱ። ከዚያ የፊት ኮፈኑን አንሱ። የፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ በቀይ ፕላስቲክ የተሸፈነ የፖዘቲቭ ጫፍ አለ። ከሌላ መኪና ወይም ከኪስ ማስነሻ ኃይል የምትሰጡት እዚያ ነው። ኔጌቲቩን ቀለም ያልነካው ብረት ላይ አስሩ። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተገለበጠ ግን ጉድ ነው። ዋናው ፊውዝ ይቃጠላል፣ ከዚያም አልፎ ኢንቨርተር የሚባለው ውድ የሃይብሪዱ ዕቃ ሊጎዳ ይችላል። ሌሊት በብርድ በተንቀጠቀጠ እጅ ይህን ስትሠሩ ሁለቴ እዩ። የጎረቤት ትልቅ ፒክ አፕ ባትሪው ሞቶ "እስቲ ከፕሪየስህ ስጠኝ" ቢላችሁ ደግሞ በትሕትና እንቢ በሉ።

ስትቀይሩ ተራ የመኪና ባትሪ አታስገቡ። ባትሪዋ ያለችው እናንተ የምትተነፍሱበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ ዝግ የሆነና ጋዙን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ዓይነት ያስፈልጋል። ቱቦውን መልሶ መሰካትም አይረሳ።

ኮዱን ማንበብ

ትንሿ ባትሪ ደህና ከሆነች ቀጣዩ ስካነር ነው። እዚህም ወጥመድ አለ። በ20 ዶላር የሚገዛው ተራ የኦቢዲ ስካነር የሚያናግረው የቤንዚን ሞተሩን ኮምፒውተር ነው። የመለዋወጫ መደብሮች በነፃ የሚያነቡላችሁም ብዙ ጊዜ ያንኑ ነው። "ምንም ኮድ የለም" ብለው ይመልሷችኋል፤ ሦስት ማዕዘኗ ግን እያፈጠጠች ነው። ሁለቱም እውነት ነው። በሽታው ያለው የሃይብሪዱ፣ የትልቁ ባትሪ ወይም የፍሬኑ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ እነሱን ደግሞ አልጠየቋቸውም።

የሚያስፈልጋችሁ የቶዮታን ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚያናግር ስካነር ነው። ወይም ትንሽ ብሉቱዝ ማንበቢያ ሰክቶ እንደ ዶክተር ፕሪየስ ያለ የስልክ መተግበሪያ መጠቀም ይቻላል። እኔ የያዝኩት ይህን ሁለተኛውን ነው። መካኒክ ቤት ከሄዳችሁም "ኮዱን ጻፍልኝ" በሉ። ቁጥሩን ለመጻፍ የሚያቅማማ ጋራዥ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ትልቁ ባትሪ

አሁን ወደሚያስፈራው። የሁለተኛዋ ፕሪየስ ትልቅ ባትሪ 28 ሞጁሎች የተደረደሩበት ሳጥን ነው። እያንዳንዱ ሞጁል 7.2 ቮልት ነው፤ ሲደመር 201.6 ቮልት። ኮምፒውተሩ ሞጁሎቹን ሁለት ሁለት እያደረገ በ14 ጥንድ ይከታተላል። 14 በሬዎች አንድ ሞፈር ይጎትታሉ ብላችሁ አስቡ። አንዱ ሲደክም የሌሎቹ ጉልበት አይጠቅምም፤ ሁሉም በእሱ እርምጃ ይሄዳሉ። ኮምፒውተሩ አንዱ ጥንድ ከሌሎቹ በጣም ወደ ኋላ ሲቀር ያያል፤ ያኔ ሦስት ማዕዘኗ ትበራለች።

ኮዱ ፒ0ኤ80 (P0A80) ከሆነ "ባትሪውን ቀይር" ማለቱ ነው። ከፒ3011 እስከ ፒ3024 ያሉት ደግሞ ስንተኛው ጥንድ እንደደከመ ይጠቁማሉ፤ 11 ለመጀመሪያው፣ 24 ለአሥራ አራተኛው። ፒ3000 ብቻውን ከመጣ ምንም አይነግርም። "ሌላውን ኮምፒውተር ጠይቅ" እንደ ማለት ነው። ፒ3000 አይቶ ባትሪ የሚሸጥላችሁ ሰው ደወሉን ሰምቶ ቤቱን ያፈረሰ ነው።

ፒ0ኤ80 መጣ ማለት ባትሪው አበቃለት ማለት ነው? ብዙ ጊዜ አዎ። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ሞጁሎቹን እርስ በርስ የሚያያይዙ የመዳብ ቁራጮች አሉ። ከዓመታት በኋላ አረንጓዴ ዝገት ይይዛቸዋል። ዝገቱ ቮልቴጁን ያዛባል፤ ኮምፒውተሩም ባትሪው ታመመ ብሎ ያስባል። ፒ3030 የሚባለው ኮድ ከመጣ ደግሞ ጥርጣሬው በቀጥታ ወደነዚህ ማገናኛዎችና ወደ መለኪያ ሽቦዎቹ ይሄዳል። የሚያውቅ ሰው ከፍቶ ሲያጸዳቸው ወይም ሲቀይራቸው ነገሩ የሚያበቃበት ጊዜ አለ።

በእውነት የደከመን ባትሪ ከኮዱ በፊትም ታውቁታላችሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው የባትሪ ስዕል ከሙሉ አረንጓዴ ተነስቶ ሁለት ሦስት የትራፊክ መብራት ሳታልፉ ሐምራዊ ይሆናል፤ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይሞላል። ይህ መዋዠቅ ነው። ባትሪው ብዙ የያዘ ይመስላል እንጂ ውስጡ ጠቧል። ቤንዚን መብላቷ ይጨምራል። ከኋላ ወንበር በኩል ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ማውጫ (ፋን) ይጮሃል።

ስለዚህ ነፋስ ማውጫ ትንሽ ላውራ፤ ማንም አያወራለትምና። ትልቁ ባትሪ የሚቀዘቅዘው ከተሳፋሪው ክፍል በሚስብ አየር ነው። አየሩ የሚገባበት ቀዳዳ ከኋላው ወንበር በስተቀኝ፣ ተሳፋሪው ክንዱን የሚያሳርፍበት ጋ ነው። ተሳፋሪ ኮት ይደገፍበታል። ሻንጣ ይለጠፍበታል። ውሻ የያዘ ሰው ከጫናችሁ ጸጉሩ ሁሉ እዚያ ይገባል። ከዚያ ነፋስ ማውጫው በአቧራ ታፍኖ ባትሪው ይግላል። ለእንዲህ ዓይነት ባትሪ ከሙቀት የባሰ ጠላት የለም። ነፋስ ማውጫውን አውጥቶ ማጽዳት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። እኔ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጋው ከመግባቱ በፊት አደርገዋለሁ።

ባትሪው እውነትም ካለቀ ሦስት መንገድ አለ። የደከመውን ሞጁል ብቻ መቀየር፣ የታደሰ ሳጥን መግዛት፣ ወይም አዲስ ማስገባት። የመጀመሪያውን አልመክርም። ያረጀ ነጠላ ላይ መጣፍ ነው። አንዱን ትቀይራላችሁ፤ ከሦስት ወር በኋላ ጎረቤቱ ይደክማል። "ታድሷል" የሚባለውም ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ ሌላ ሰው የጣፈው ነጠላ ነው። መኪናዋን በቅርቡ ልትሸጡ ካላሰባችሁና በእሷ የምትተዳደሩ ከሆነ አዲሱ ይሻላል። አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት ግን ሞተሩ ዘይት እንደማይበላና ገላዋ እንዳልዛገ እዩ። የ20 ዓመት መኪና ናት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ፒ0ኤ80 መጥቶም መኪናዋ ለጊዜው ልትሄድ ትችላለች። "እየሄደች ነው" ብላችሁ ወር ሁለት ወር አትጎትቱ። ሞተሪኖ እንደሌላት አስታውሱ። ትልቁ ባትሪ እጁን ከሰጠ ሙሉ ታንክ ቤንዚን ይዛችሁ ሀይዌይ 495 ላይ ትቆማላችሁ።

በባትሪ ስም የሚታሙ ሌሎች

በሐምሌ ሙቀት ረጅም ዳገት ስትወጡ ሦስት ማዕዘኗ በራች፣ ጉልበቷ ወረደ። ጥግ ይዛችሁ ሃያ ደቂቃ አሳረፋችኋት፤ ምንም እንዳልሆነ ሆና ሄደች። በማግስቱ ደገማት። ኮዱ ፒ0ኤ93 ከሆነ የኢንቨርተሩ ማቀዝቀዣ ነው። ኢንቨርተሩ የባትሪውን ኃይል ለሞተሮቹ የሚያዘጋጅ ዕቃ ነው፤ የራሱ ውሃና የራሱ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አለው። ፓምፗ በሾፌሩ በኩል ከፊት መብራቱ ጀርባ ተደብቃለች። በሁለተኛዋ ፕሪየስ ላይ የታወቀች ደካማ ጎን ናት፤ ቶዮታ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ለእሷ ሲል መኪኖችን መልሶ ጠርቷል።

ፓምፗ መሥራት አለመሥራቷን ለማወቅ መካኒክ አያስፈልግም። መኪናዋን "ሬዲ" ላይ አድርጉና በኢንቨርተሩ በኩል ያለውን የማቀዝቀዣ ውሃ ማጠራቀሚያ ክዳን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ። ውሃው መናወጥ፣ መንቀሳቀስ አለበት። ፀጥ ካለ ፓምፗ ሞታለች። ይህ ክዳንና የሞተሩ ራዲያተር ክዳን ግን ይለያያሉ። የራዲያተሩን በትኩሱ ከፈታችሁ ፊታችሁን ያቃጥላል። ፓምፗ ከትልቁ ባትሪ ጋር ሲነጻጸር የሻይ ዋጋ ናት። እያሳረፉ መንዳት ግን ኢንቨርተሩን ያቃጥላል፤ እሱ የሻይ ዋጋ አይደለም።

ሌላው ይበልጥ ተራ ነገር ነው። ከሀይዌይ ስትወጡ፣ መንገዱ ሲጠመዘዝ፣ ሦስት ማዕዘኗ ለአንድ አፍታ ብልጭ ትልና ትጠፋለች። ቀጥ ብላችሁ ስትነዱ ምንም የለም። የዘይት መለኪያ ዘንጓን አውጡ። እነዚህ ሞተሮች ሲያረጁ ዘይት ይጠጣሉ። ሲያንስ በኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል። የሞተሩ ሙሉ ዘይት 3.7 ሊትር ብቻ ነው፤ አንድ ሊትር ተኩል ጎደለ ማለት ግማሽ ለመድረስ ትንሽ ቀረው ማለት ነው። አንድ ጓደኛዬ ይህን ብልጭታ "ገመድ ላልቶ ይሆናል" እያለ ሦስት ሳምንት ነዳ። ዘንጉ ላይ ዘይት አልነበረም።

ቤንዚን ማለቅም አለ። ፕሪየስ ቤንዚን ሲያልቅባት ወዲያው አትቆምም። በትልቁ ባትሪ ትንሽ ትሄዳለች። ይህን ጊዜ ሦስት ማዕዘንና የሞተር መብራት ይበራሉ፤ ኮዱ ፒ3190 ወይም ፒ3191 ይሆናል። አሜሪካ የተሸጠችው የሁለተኛው ትውልድ ቤንዚን ታንክ ውስጡ እንደ ፊኛ የሚለጠጥ ከረጢት ነው። በብርድ ይጨማደዳል፣ ጌጁም በትክክል አይናገርም። ሁለት ቁርጥራጭ ሲቀር ቅዱ። ከሁሉ የባሰው ቤንዚኗ አልቆ በባትሪ ብቻ ብዙ መጎተት ነው። ትልቁን ባትሪ እስከ ጥግ አራቁታችሁት ቤንዚን ብትጨምሩም ሞተሩን የሚያስነሳው ጉልበት አይኖርም።

ቀይ የፍሬን መብራት ሲበራ መጀመሪያ የእግር ማቆሚያ ፍሬኑን እዩ፤ በግራ በኩል ያለችው ትንሿ ፔዳል ሙሉ በሙሉ ካልተለቀቀች መብራቱ አይጠፋም። ከዚያ የፍሬን ዘይት። ሁለቱም ደህና ሆነው ኤቢኤስም አብሮ ከበራ፣ በዚያ ላይ የሚጮህ ድምፅ ካለ፣ አትንዱ። በሯን ስትከፍቱ ከፊት በኩል "ዝዝዝ" የሚል ድምፅ የሚሰማው የፍሬኑ ፓምፕ ግፊት ሲሞላ ነው፤ ጤነኛ ነው። ፍሬን ሳትነኩ በየጥቂት ሰኮንዱ ከጮኸ ግን ግፊቱ እየሸሸ ነው። በፍሬን ጉዳይ ቤት ውስጥ ሙከራ የለም።

ፒ0ኤኤ6 ያመጣች መኪና ደግሞ ወደሚያውቅ ሰው ትሂድ። ከፍተኛው ኃይል ከገላዋ ጋር መነካካት ጀምሯል ማለት ነው። አንዳንዴ ምክንያቱ ከኋላ መብራቶቹ ወይም ከኋላው በር ጎማ ሾልኮ የገባ የዝናብ ውሃ ነው፤ የተጠባባቂው ጎማ ጉድጓድ ውስጥ እርጥበት ካለ ንገሩት። አንዴ ካጠፋችኋት "ሬዲ" እንቢ ልትል ስለምትችል ከማጥፋታችሁ በፊት የምታቆሙበትን ቦታ ምረጡ። በዚህም ሆነ በሌላው ጊዜ ብርቱካንማ የለበሰ ገመድ አትንኩ። ከ200 ቮልት በላይ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ነው። ትልቁን ሳጥን የሚከፍት ባለሙያ እንኳ የኤሌክትሪክ ጓንት አድርጎ፣ ከኋላ ያለውን የደኅንነት ሶኬት ነቅሎ፣ ከ10 ደቂቃ በላይ ጠብቆ ነው። ዩቲዩብ ላይ በባዶ እጁ የሚሠራ ሰው አይታችሁ ከሆነ እሱን አትምሰሉ።

እንቅልፍ የማይነሱት

የሞተር መብራት ብቻ ቢጫ ሆኖ በርቶ ኮዱ ፒ1121 ከሆነ ፈገግ በሉ። ይህች መኪና ፔርሙዝ አላት። ቀልድ አይደለም። ሦስት ሊትር ያህል የሞቀ የማቀዝቀዣ ውሃ የምትይዝበት እንደ ቡና ፔርሙዝ የተሠራ ዕቃ አለ፤ ጠዋት ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅላት። ውሃውን ወደዚያ የምታዞረው ቫልቭ ስትበላሽ ነው ኮዱ የሚመጣው። መኪናዋ ትሄዳለች። በጊዜያችሁ አሠሩት።

በጥቅምት ብርድ የጎማው ቢጫ መብራት ከበራ ነፋስ ሙሉ። ስታስነሱ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ ቀጥ ብሎ ከበራ ግን ነፋሱ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ጎማው ውስጥ ያለው መለኪያ ባትሪው አልቋል። ዳሽቦርዱ ራሱ ጭልም ብሎ መኪናዋ ግን የምትሄድ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ጋራዦች ክሩስኮቶ የሚሉት ሳጥን ውስጥ ያለች ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነች የሞተችው። የሁለተኛው ትውልድ የታወቀ ሕመም ነው። ሙሉውን ከመግዛት ያንኑ አውጥቶ የሚጠግን ፈልጉ።

ሦስተኛዋን ትውልድ ለያዛችሁ፦ ጠዋት ስትነሳ መኪናዋ እንደ ወባ ታማሚ ከተንቀጠቀጠች፣ የሞተር መብራት ብልጭ ካለ፣ ኮዱም ከፒ0300 ቤተሰብ ከሆነ፣ ካንዴላ ቀይራችሁ ብቻ አትለፉ። የማቀዝቀዣ ውሃው እየጎደለ እንደሆነ እዩ። የተቃጠለ ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቧንቧ በጥቀርሻ ይደፈናል፤ ሞተሩ ይግላል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ) ይቀደዳል። ውሃ ወደ ሲሊንደር ይገባል። በጊዜ ቧንቧውን ማስጠረግ ከዚህ ሁሉ ያድናል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ለኢንቨርተሩ ሶፍትዌር ሲባል በዓለም ዙሪያ 1.9 ሚሊዮን ሦስተኛ ትውልድ ፕሪየሶች ተጠርተው ነበር። የእናንተ ተሠርቶላት እንደሆነ 17 ፊደልና አኃዝ ያለውን የሻሲ ቁጥር በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ በነፃ ታያላችሁ። የቀድሞው ባለቤት ላያሠራው ይችላል።

መካኒክ "ኮዱን አጥፍቼልሃለሁ" ሲላችሁ ደግሞ ከማጥፋቱ በፊት መጻፉን ጠይቁ። ኮድ ሲጠፋ ስህተቱ በመጣበት ቅጽበት ፍጥነቷ፣ ሙቀቷ፣ ቮልቴጇ ስንት እንደነበር የተመዘገበውም አብሮ ይጠፋል። ትንሿን ባትሪ መንቀልም ያንኑ ያደርጋል። ለጭስ ምርመራ ልትሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራችሁ ኮድ ብታጠፉም ብዙ ጊዜ አይሆንላችሁም፤ ኮምፒውተሯ የራሷን ፈተናዎች ገና አልጨረሰችምና ማሽኑ ይመልሳችኋል።

ኤርፖርት ወረፋ ላይ ለምትቆሙ አንዲት ነገር ልጨምር። ማርሹን ኤን ላይ አድርጋችሁ አትቁሙ። በኤን ትልቁ ባትሪ አይሞላም፤ አየር ማቀዝቀዣው ግን ይጠጣዋል። ፒ ላይ አድርጓት፤ ሞተሩ ሲያስፈልገው ራሱ ይነሳል።